ናፖሊ ውስጥ የቆየ የሰፈር ፒዛ ቤት ገብቶ ለመብላት፦ ከወረፋው እስከ ሂሳቡ

«ለአንድ ቀን ናፖሊ ልወርድ ነው። ከድሮዎቹ ፒዛ ቤቶች አንዱ ገብቼ መብላት እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የሚገባው? ምንድነው የሚታዘዘው? ጾም ላይ ብሆንስ?» ይሄ ጥያቄ ከሮምም፣ ከሚላኖም፣ ከአዲስ አበባም ይመጣልኛል፤ በሐምሌና በነሐሴማ አያባራም። በድምፅ መልእክት ደጋግሜ ከምመልስ አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ልላከው ብዬ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከእሱ የሚመዘዙ ናቸው። የናፖሊ ፒዛ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 የተመዘገበ የአሠራር ደንብ አለው። በደንቡ መሠረት ፒዛው በእንጨት ምድጃ፣ በ485 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ይጋገራል። ስለዚህ የሚያስጠብቃችሁ ምድጃው ሳይሆን ጠረጴዛው ነው። ቤቱ በርካሽ ዋጋ ሸጦ የሚያተርፈው አንዱ በልቶ ሲነሳ ሌላው ወዲያው ስለሚቀመጥበት ነው። ሳትቀመጡ ወስኑ፣ እንደመጣ ብሉ፣ ስትጨርሱ ተነሱ። ይሄን ከያዛችሁ አስተናጋጁ ለምን እንደሚጣደፍ ይገባችኋል፤ እንደ ስድብም አትቆጥሩትም።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- በአንድ ሰው ከ15 እስከ 20 ዩሮ፣ ቢቻል ባለ 5 እና ባለ 10 ኖት። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ ጣሊያን ውስጥ ካርድ አልቀበልም የሚል ነጋዴ ቅጣት አለበት፤ ቢሆንም መውጫ ላይ ተሰልፈው ማሽኑ እንቢ ሲል የሚያድነው ካሽ ነው።
- ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ለካርታና ለሰዓት።
- ሶፍት። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ስስ ወረቀት ዘይት አይዝም።
- ነጭ ያልሆነ ልብስ። ነጠላ ለብሳችሁ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።
- ትልቅ ሻንጣ አትያዙ። ባቡር ጣቢያው ውስጥ በክፍያ ሻንጣ የሚያስቀምጡበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተዉት። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ በወንበሮቹ መሃል ሻንጣ አያልፍም።
- ሚጥሚጣ? መያዝ ትችላላችሁ፤ ግን ደረጃ 6ን አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ቤቱን ምረጡ

ከሮም በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ የምትወርዱት ናፖሊ ቼንትራሌ፣ ፒያሳ ጋሪባልዲ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አራት ቤቶች ነው። ዳ ሚኬሌ (ከ1870 ጀምሮ ያለ) ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሶርቢሎ (1935) እና ዲ ማቴዮ (1936) ሁለቱም ቪያ ዴይ ትሪቡናሊ በሚባለው የአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ ናቸው። ስታሪታ (1901) ራቅ ብሎ ማቴርዴይ ሰፈር ውስጥ ነው፤ በሜትሮ መስመር 1 ማቴርዴይ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እነዚህ ስማቸው የወጣ ስለሆነ ወረፋቸውም የዚያን ያህል ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ወይም ልጅ ከያዛችሁ ያገኛችሁትን ያልታወቀ የሰፈር ቤት ብትገቡ አትጎዱም፤ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በር ላይ ቆማችሁ እነዚህን እዩ፦

ሜኑው አጭር ነው ወይ? በአንድ ገጽ ያለቀ ሜኑ ጥሩ ምልክት ነው። ስልሳ ዓይነት ፒዛ፣ ፓስታ፣ ስቴክና ሳላድ አንድ ላይ የሚሸጥ ቤት ሊጡ ላይ አላተኮረም ማለት ነው። የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት ሜኑ ይዞ መንገድ ላይ «ግቡ፣ ግቡ» የሚል ሰው ካለ እለፉት፤ ጥሩ ቤት ሰው መጥራት አያስፈልገውም።

ምድጃው ይታያል ወይ? በድሮዎቹ ቤቶች ምድጃው ፊት ለፊት ነው፤ ሥራውም አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት የተከፈለ ነው። አንዱ ድቡልቡሉን ሊጥ ዱቄት ላይ ጥሎ በጣቱ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ከዚያ አንዱን ጎን ይዞ በሌላ እጁ ላይ ጣል፣ ዞር፣ ጣል፣ ዞር ያደርገዋል፤ በጥቂት ሴኮንድ ይሰፋል። ሁለተኛው በጭልፋ ቲማቲሙን ከመሃል ጀምሮ እያዞረ ይቀባል፣ ቺዙንና ቅጠሉን ይበትናል፣ አፈ ቀጭን ከሆነ ማንቆርቆሪያ ዘይቱን ያዞርበታል። ሦስተኛው ረጅም እጀታ ያለውን የፒዛ አካፋ ይዞ ምድጃው አፍ ላይ ነው፤ አስገብቶ፣ አሽከርክሮ፣ ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። ሊጡን በመዳመጫ እንጨት የሚድጥ ካያችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ። መዳመጫው በሊጡ ውስጥ ያለውን አየር ጨፍልቆ ያወጣዋል፤ በእጅ ሲገፋ ግን አየሩ ወደ ዳር ይሸሽና ጠርዙ ምድጃ ውስጥ የሚነፋው በዚያ አየር ነው።

*ጥንቃቄ፦* የታወቁ ቤቶች ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ በአንድ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ከአንድ በላይ ቤቶች ልታገኙ ትችላላችሁ። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትግቡ፤ የቤት ቁጥሩንም ካርታችሁ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

የናፖሊ ሰው ምሳውን የሚበላው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 8 ተኩል ነው (በእነሱ 13፡00 እስከ 14፡30)፤ እራቱን ደግሞ ከምሽቱ 2 ተኩል በኋላ። እናንተ ከእነሱ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፦ ለምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ለእራት ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ በሩ ሲከፈት። በሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። 19፡00 ማለት የእኛ የምሽት 1 ነው።

አንዳንድ ቤቶች እሑድ ዝግ ናቸው፤ በነሐሴ አጋማሽ፣ በፌራጎስቶ በዓል (ኦገስት 15) ሰሞን ደግሞ ለእረፍት የሚዘጋ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ማየት ይሻላል።

እስከ 9 ሰዓት ለምትጾሙ ደግሞ ይሄ በጣም ይመለከታችኋል። የእኛ 9 ሰዓት የእነሱ 15፡00 ነው። ብዙ ቤቶች ምሳ ጨርሰው በ15፡00 እና በ15፡30 መካከል ይዘጋሉ፤ የሚከፍቱት ማታ ነው። ስለዚህ ሳይዘጋ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ቤት መፈለግ አለባችሁ፤ በሩ ላይ «ኦራርዮ ኮንቲኑዋቶ» የሚል ይጻፋል። ለእናንተ 9 ሰዓት ወርቅ ነው፤ የምሳው ሰው ወጥቷል፣ የእራቱ አልመጣም፣ ወረፋውም ቀሎ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 3፦ ወረፋ ያዙ

ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች በስልክ ቦታ አያስይዙም። ግን ሰው እንደ ታክሲ ሰልፍ ተራ በተራ አይቆምም፤ በር ላይ ተበትኖ ነው የምታገኙት፤ ስለዚህ «ወረፋ የለም» ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ እንዳትገቡ። በቀጥታ በሩ ላይ ወደቆመው ሠራተኛ ሂዱ። «ኳንቲ ስዬቴ?» ይላችኋል፤ ስንት ናችሁ ነው። በጣታችሁ አሳዩ። ከዚያ እንደየቤቱ ወይ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ወይ ስም ይመዘግባል።

ቁጥር ከሆነ፣ ቁጥራችሁን በጣሊያንኛ እዚያው አስጠኑ፤ ምክንያቱም በጩኸት ነው የሚጠራው። 47 ከሆነ «ኳራንታሴቴ» ነው። ሠራተኛውን ራሱን አስደግሙት፣ ደስ እያለው ይላችኋል። ስም ከሆነ አጭሩን ስጡ። ገብረመስቀል ወይም ጽጌረዳ ብትሉት ሲጠራ ራሳችሁም አታውቁትም፤ ሳራ፣ ዳንኤል፣ ማርያ ይበቃል።

ተጠርታችሁ ካልቀረባችሁ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። «እስኪደርሰን ዞር ዞር እንበል» የሚሉት ናቸው ብዙ ጊዜ ተራቸውን የሚያጡት። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ በር ላይ ቁሙ። ስምንት ዘጠኝ ሆናችሁ ከመጣችሁ ደግሞ አንድ ላይ እንቀመጥ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ለመከፈል ፈቃደኛ ከሆናችሁ በጣም ትቀድማላችሁ።

*ጥንቃቄ፦* ትሪቡናሊ ላይ ስትጠብቁ ግድግዳውን ይዛችሁ ቁሙ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሞተር ሳይክል በሰው መሃል ያልፋል። ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ፤ ልጅ ከያዛችሁ እጁን አትልቀቁ።

ደረጃ 4፦ ቆማችሁ ሳላችሁ ወስኑ

አስተናጋጁ እንደተቀመጣችሁ ትእዛዝ ይጠይቃችኋል። ሜኑው ብዙ ጊዜ በር ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እዚያው አንብቡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበሉ ከሆነ ከሁለቱ አንዱን እዘዙ፦

*ማርጌሪታ፦* ቲማቲም፣ ሞዛሬላ፣ በሶብላን የሚመስለው የባሲል ቅጠል፣ ዘይት። ብዙ ቤት ላዩ ላይ የተፈቀፈቀ ደረቅ ቺዝም ይነሰንስበታል።

*ማሪናራ፦* ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። ቺዝ የለውም።

ለምን እነዚህ? ሊጡና ቲማቲሙ ጥሩ መሆን አለመሆኑ በግልጽ የሚታየው ሌላ ነገር ሳይከመርበት ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ የፒዛው መሃል በደንቡ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ምድጃ ውስጥ የሚቆየውም ከአንድ ደቂቃ ተኩል አያልፍም። እንጉዳይ፣ ቃሪያና ተጨማሪ ቺዝ ስትደርቡበት ውኃቸው ለመትነን ጊዜ አያገኝም፤ መሃሉ ይረጥባል፣ ስትቆርጡትም ይበጠሳል። «ዶፒያ ሞዛሬላ» (እጥፍ ቺዝ) የሚባለው ላይ ይሄ ጎልቶ ይታያል። ቺዝ ወዳድ ብትሆኑም መጀመሪያ ተራውን ቅመሱ።

ጾም ላይ ለሆናችሁ

አዲስ አበባ የጾም ፒዛ ስትሉ ካሮትና ቃሪያ የተከመረበት ነው የሚመጣላችሁ። ናፖሊ ግን የጾም ፒዛ ብላችሁ መጠየቅ ሳያስፈልጋችሁ ማሪናራ ራሱ ጾም ነው። የናፖሊ ሊጥ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ወተትም እንቁላልም አይገባበትም። ለጥንቃቄ እንዲህ በሉ፦ «ኡና ማሪናራ፣ ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ አቹጌ»፣ ማለትም ያለ ቺዝ፣ ያለ ዓሣ። አንዳንድ ቤት አንቾቪ የምትባለውን ትንሽ የጨው ዓሣ ጣል ሊያደርግበት ስለሚችል ነው።

ማወቅ ያለባችሁ፣ ማሪናራውም ማርጌሪታውም የሚሠሩት በአንድ እምነ በረድ ላይ ነው፤ የቺዝ ፍርፋሪ ሊነካው ይችላል። ያ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ሌላ ቤት ብትሄዱም ያው ነው፤ ወስናችሁ ግቡ።

መስኮት ላይ በሚሸጡት የተጠበሱ ነገሮች ግን ተጠንቀቁ። የድንች ክሮኬው ቺዝ አለበት፣ አንዳንዴም ሳላሚ። አራንቺኒ የሚባለው የሩዝ ኳስ ሥጋና ቺዝ ይይዛል። ፍሪታቲና የሚባለው የተጠበሰ ፓስታ ወተት በገባበት ነጭ ሶስ የተለወሰ ነው፤ ሥጋም ይገባበታል። ሊጥ ብቻ ተጠብሶ የሚሸጠው ዜፖሊኔ ለጾም ይሆናል፤ ዘይቱ ግን ከሌላው ጋር አንድ ነው።

የአሳማ ሥጋ ለማትበሉ

ማርጌሪታና ማሪናራ ሥጋ የላቸውም። ቃሉ «ማያሌ» ነው፤ «ሴንዛ ማያሌ» ማለት ያለ አሳማ። ሜኑው ላይ ፕሮሹቶ፣ ሳላሜ፣ ፓንቼታ፣ ቺኮሊ፣ ሳልሲቻ የሚሉትን ካያችሁ አሳማ ናቸው። «ዲያቮላ» የሚባለው የሚያቃጥል ፒዛ በቅመሙ ያታልላችኋል፤ የሚያቃጥለው ሳላሜው ነው። ካልዞኔ (ታጥፎ የተዘጋ ፒዛ) እና የተጠበሰ ፒዛ (ፒዛ ፍሪታ) ውስጣቸው ስለማይታይ ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ ብዙውን ጊዜ ሪኮታ ቺዝና አሳማ ነው። ደግሞ ከዘይት ይልቅ የአሳማ ስብ የሚጠቀም ቤት አልፎ አልፎ ስላለ «ቼ ስትሩቶ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወተቱን አርግቶ ቺዝ የሚያደርገው ነገር ከእንስሳ መሆኑ የሚያሳስባችሁ ሙስሊሞች ካላችሁ ማሪናራ ከሁሉ ይቀላችኋል።

ደረጃ 5፦ ተቀመጡ

የተነገራችሁ ቦታ ላይ ተቀመጡ። የማታውቁት ሰው አጠገብ፣ አንዳንዴም በአንድ ጠረጴዛ ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ፤ የተለመደ ነው። ባዶ ያያችሁትን ጠረጴዛ ራሳችሁ አትያዙ፣ ለሌላ ቁጥር ተብሎ ይሆናል። ስልካችሁን ጠረጴዛ ዳር አታስቀምጡ፤ ዘይትም ሰውም ይነካዋል። ጃኬት ወንበሩ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ግን እግራችሁ መሃል።

ደረጃ 6፦ እዘዙ

ፒዛና መጠጥ አንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ተናገሩ። «ኡና ማርጌሪታ፣ ኡና ማሪናራ፣ ኡና ቢራ፣ ኡና አኳ ናቱራሌ።» ናቱራሌ ጋዝ የሌለው ውኃ ነው፤ አምቦ ውኃ የለመደ «ፍሪዛንቴ» ይበል። ውኃው በጠርሙስ ነው የሚመጣው፣ ይከፈልበታል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ለአራት ሰው ሁለት ፒዛ አዝዞ በጋራ መብላት። አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ፒዛ መሃል ተቀምጦ ሁሉም ያነሳል፤ ናፖሊ ግን ለአንድ ሰው አንድ ፒዛ ነው የሚታዘዘው፣ አንዳንድ ቤትም በግልጽ ያስገድዳል። ስፋቱ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ያስፈራል እንጂ ሊጡ ስስ ነው፣ አዋቂ ሰው ይጨርሰዋል። ለትንሽ ልጅ ብቻ ከሆነ «ኢን ዱዌ» ብላችሁ ለሁለት እንዲከፈል ጠይቁ። መቀማመስ ከፈለጋችሁ የተለያየ እዘዙና ሩብ ሩቡን ተቀያየሩ፤ ከምግቡ መጀመሪያ ላይ ግን ይሁን፣ ቆይቶ ይቀዘቅዛል። ጉርሻም ይቻላል፣ ማንም አያያችሁም፤ ትኩስነቱን ብቻ አረጋግጡ።

የሚያቃጥል ነገር ከፈለጋችሁ «ኦልዮ ፒካንቴ» በሉ፤ ቃሪያ የተዘፈዘፈበት ዘይት ነው፣ ብዙ ቤት አለ። ሚጥሚጣችሁን ብታወጡ የሚቆጣ የለም፤ የመጀመሪያውን ሩብ ግን ያለ ምንም ብሉት። ሚጥሚጣ ካረፈበት በኋላ የቲማቲሙን ጣዕም መልሳችሁ አታገኙትም። ካቻፕና ማዮኔዝ አትጠይቁ፣ የላቸውም። «ፔፔሮኒ» ብላችሁ የአሜሪካኑን ሳላሚ ከጠበቃችሁ ደግሞ የሚመጣላችሁ ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ ነው።

ደረጃ 7፦ ሲመጣ እዩት

ፒዛው ይዘገያል ብላችሁ እጅ ለመታጠብ አትነሱ፤ የሚታጠብ አስቀድሞ ይታጠብ። ትእዛዙ ምድጃው ጋ ከደረሰ በኋላ በጣም ፈጣን ነው።

ሁለት ነገር ሰውን ያስደነግጣል። አንደኛው ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ። ተቃጥሎ አይደለም፤ በዚያ ሙቀት የሊጡ ስስ ቦታዎች ቀድመው ስለሚጠቁሩ ነው። የተቃጠለ የሚባለው ገልብጣችሁ ስታዩት ሥሩ በሙሉ ከጠቆረና አፍ ላይ ከመረረ ነው። ሁለተኛው መሃሉ ለስላሳና እርጥብ መሆኑ ነው፤ ወጡን የጠጣ የእንጀራ መሃል ዓይነት ነው። ይሄም ጥሬ ማለት አይደለም። ጥሬ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጠርዙን ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውና የደረቀ ከሆነ በስሏል፤ ነጭ የሚያጣብቅ ሊጥ መስመር ካለው መልሱት፣ መብታችሁ ነው። ለስላሳውን የማትወዱ ከሆነ ደግሞ ስታዙ «ቤን ኮታ» በሉ፣ ትንሽ ቆየት አድርገው ይጋግሩታል።

ፎቶ? አንድ አንሱና ተዉት። በየደቂቃው ሞዛሬላው ይረጋል፣ ጠርዙም መለስለሱን ትቶ ይከብዳል።

ደረጃ 8፦ ብሉት

1. ከ30 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ቺዙ ሲቀዘቅዝ እንኳ ከሥሩ ያለው ቲማቲም ይፈላል፤ የላንቃ ቆዳ የሚልጠው እሱ ነው። ለልጅ ስትሰጡ ቆርጣችሁ አስተንፍሱት።

2. በሹካና በቢላ አራት ቦታ ቁረጡት። ቆርጠው አያመጡላችሁም፤ ከተቆረጠ የመሃሉ ፈሳሽ ሊጡ ሥር ይገባና ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። በዚያው ምክንያት እናንተም አራቱን በአንዴ አትቁረጡ፤ የምትበሉትን ሩብ ብቻ።

3. የሩቡን ሹል ጫፍ በሹካ ወደ ጠርዙ እጠፉት፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን አጠጋግታችሁ በእጅ አንሱ። ሳታጥፉ ብታነሱት ጫፉ ይወድቅና ቺዙ ጉልበታችሁ ላይ ነው። በሹካ ብቻ መብላትም ይቻላል፤ ናፖሊታውያኑ ሁለቱንም ያደርጋሉ።

4. ጠርዙን አትተዉ። ሊጡ በደንብ ቦክቶ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ሳህን ላይ በቀረው ዘይትና ቲማቲም ጥረጉበት።

ቡና ወይም ጣፋጭ ካማራችሁ እዚያው አትጠይቁ፤ ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች አይሸጡም። ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ ቡና ቤት ታገኛላችሁ።

ደረጃ 9፦ ሂሳብ

«ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» ትላላችሁ፣ ወይም ብዙ ቤት እንደሚያደርገው በር አጠገብ ወዳለው «ካሳ» (ገንዘብ መክፈያው) ሄዳችሁ የጠረጴዛችሁን ቁጥር ትናገራላችሁ። ማርጌሪታ በሰፈር ቤት ከ5 እስከ 8 ዩሮ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሁለት ነገር ሊጨመር ይችላል፦ «ኮፔርቶ»፣ በየሰዉ አንድ ሁለት ዩሮ የመቀመጫ ሂሳብ፤ እና «ሰርቪዝዮ»፣ በመቶ የሚሰላ የአገልግሎት። ሁለቱም ሜኑው ላይ መጻፍ አለባቸው። ተጽፎ ያላያችሁት ነገር ሂሳቡ ላይ ካለ ሜኑውን አስመጡና በጣታችሁ አሳዩ፤ ድምፅ ማንሳት አያስፈልግም።

ቲፕ ግዴታ አይደለም። ደስ ካላችሁ ሳንቲሙን ተዉ።

ካሳው ጋ «እኔ ነኝ የምከፍለው»፣ «በማርያም አይሆንም» እየተባባሉ መጎተት ግን ይቅርባችሁ። ከኋላችሁ የተሰለፈ አለ፣ ገንዘብ ተቀባዩም ማን እውነቱን እንደሆነ አይገባውም። ወረፋ ላይ ሳላችሁ ተስማሙ፤ ወይም የቆረጠ ሰው አስቀድሞ ተነስቶ በዝምታ ይክፈል።

ደረጃ 10፦ ቦታ ካጣችሁ ወይም ፒዛ ከተረፋችሁ

ወረፋው አላዋጣ ካለ ቆሞ መብላት አለ። ትሪቡናሊ ላይ በመስኮት የሚሸጡ ቤቶች «ፒዛ ኣ ፖርታፎልዮ» ይሏታል፤ አነስ ያለች ፒዛ አራት ቦታ ታጥፋ በወረቀት ትሰጣለች፣ ዋጋዋም ጥቂት ዩሮ ነው። ስትበሉ ወደ ፊት አዘንብሉ፤ ፈሳሹ ከታች በኩል ይወጣና ክንዳችሁ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ክፍት ጫፍ ብሉ፣ የታጠፈውን ጥግ የመጨረሻ አድርጉት፤ ፈሳሹን የሚይዘው እሱ ነው።

ይዛችሁ ለመሄድ «ዳ ፖርታር ቪያ» በሉ። የካርቶኑን ክዳን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ያዙት፤ ከተዘጋ እንፋሎቱ ሊጡን ያረጥበዋል። ካርቶኑን በጎኑ አታቁሙት፣ ቦርሳ ውስጥም አታስገቡት። የተረፈውን ማታ ማሞቅ ከፈለጋችሁ ደረቅ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት አግሉና ያለ ዘይት ሁለት ሦስት ደቂቃ ክደኑት፤ ሥሩ ይደርቃል፣ ቺዙም ይለሰልሳል። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፤ ሊጡ ይለጠጣል፣ መቀዝቀዝ ሲጀምር ደግሞ አይታኘክም።